የመቅደላ ዘውድ ፎቶ የማን ነው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ወሎ ታሪክ የምለጥፍበት የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ አለኝ። አንድ የውጭ ሙዚየም የድሮ ኤግዚቢሽን ካታሎጉን በድረ ገጹ ላይ በነፃ ለቆት አገኘሁና ፒዲኤፉን አወረድኩ። ከመቅደላ የተወሰዱትን ዘውዶች፣ መስቀሎችና ብራናዎች ፎቶ እየቆረጥኩ ለጠፍኩ። አሁን አንድ ሰው ኮሜንት ላይ እየመጣ «የሰው ንብረት ነው፣ ሪፖርት አደርግሃለሁ» ይለኛል። እንዴ! ዕቃው የእኛ፣ የተዘረፍነው እኛ፣ ፎቶው ደግሞ የእነሱ?
*ከሸዋ በር፣ ደሴ*

መልስ፦ ንዴትህ ይገባናል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ጭኖ የሄደውን ነገር አንስቶ የማይናደድ የወሎ ልጅ የለም። ግን የቅጂ መብት ሕግ ዕቃው እንዴት እንደሄደ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ፎቶውን ማን አነሳው፣ መቼ አነሳው፣ ምን ፈቀደ የሚለውን ብቻ ነው። የዕቃው ባለቤትነት ክርክር ሌላ ነው፤ እሱን አትተው፣ ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅለው።

ዘውዱን የሠራው አንጥረኛ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ስለዚህ ዘውዱ ራሱ ላይ የቅጂ መብት የለም። የካታሎጉ ጽሑፍ ግን የጸሐፊው ወይም የአሳታሚው ነው። ፎቶው ደግሞ ለብቻው ባለቤት አለው፣ እሱም ሁልጊዜ ሙዚየሙ አይደለም። እስቲ የፒዲኤፉን የመጨረሻ ገጾች ክፈት። በደቃቅ ፊደል የፎቶግራፍ አንሺዎችና ዕቃ ያዋሱ ሙዚየሞች ስም ተደርድሮ ታገኛለህ፤ ሰው የማያነበው ገጽ ነው፣ ያንተ መልስ ያለው ግን እዚያ ነው።

«በነፃ አውርድ» ማለት አንብብ ማለት ነው እንጂ እየቆረጥክ በትን ማለት አይደለም። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገበያ ላይ የሌሉ ብዙ ካታሎጎቹን በነፃ ያስነብባል፣ የካታሎጎቹን መብት ግን አልተወም። ይኸው ሙዚየም በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የመብት ጊዜያቸው ያለፈ ሥራዎችን ፎቶ ማንም ለፈለገው ጉዳይ እንዲጠቀምበት ለቋል። ስለዚህ ከካታሎጉ ስትቆርጥ የሚያስጠይቅህ ዕቃ፣ በሙዚየሙ የስብስብ ገጽ ላይ ስትፈልገው ያለ ምንም ጣጣ ልትወስደው የምትችል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጥራቱም ቢሆን ከፒዲኤፍ ከተቆረጠው ጋር አይወዳደርም። እኛ ብንሆን ሁሌም በዚያ በር ነው የምንገባው።

ብራናና ዘውድ አንድ አይደሉም። የብራና ገጽ ጠፍጣፋ ነው፤ እንዳለ ተገልብጦ ሲነሳ ፎቶ አንሺው የጨመረው ፈጠራ የለም፣ ስለዚህ ፎቶው ላይ አዲስ የቅጂ መብት አይኖርም። አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ይህንን ያለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ መንገዱን ከፍቷል፣ እንግሊዝም ውስጥ የ2023 የይግባኝ ውሳኔ ወደዚያው ያዘነብላል። ዘውድና መስቀል ሲነሱ ግን መብራቱን፣ ጥላውን፣ ማዕዘኑን የመረጠ ሰው አለ። እዚያ ላይ ተጠንቀቅ።

ታቦታቱን የያዘው ብሪቲሽ ሙዚየም በበኩሉ ፎቶዎቹን ምንጭ ጠቅሰህ፣ ለንግድ ሳታውል እንድትጠቀም ይፈቅዳል። ታዲያ ቻናልህ ላይ በየመሃሉ የሱቅና የቪዛ ማስታወቂያ የምትለጥፍ ከሆነ «ለንግድ አይደለም» ማለትህ ያጠራጥራል።

ስለዚያ ሰውዬ እንቅልፍ አትጣ። ፌስቡክ የቅጂ መብት አቤቱታ የሚቀበለው ከመብቱ ባለቤት ወይም ከወኪሉ ነው። ባለቤቱ ራሱ ካመለከተ ግን ፖስትህ ይነሳል፣ ሲደጋገም ገጹም ሊዘጋ ይችላል። ደሴ ቁጭ ብለህ መሆኑ አያድንህም።

ጥያቄ፦ ከፎቶው ሥር «ክሬዲት ለባለቤቱ» ብሎ መጻፍ አይበቃም?
*ከሙጋድ፣ ደሴ*

መልስ፦ አይበቃም። ስም መጥቀስ ጨዋነት ነው፣ ፈቃድ ግን አይደለም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጻፍማ ምኑን ክሬዲት ሆነው?

ጥያቄ፦ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ከካታሎግ የወሰድኩትን ፎቶ ክፍል ውስጥ ማሳየት እችላለሁ?
*ከደሴ*

መልስ፦ ይችላሉ መምህር። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከታተመ ሥራ ላይ የተወሰነውን ለማስተማር መጠቀምን ይፈቅዳል፤ ምንጩን ይጥቀሱ። መጽሐፉን ሙሉውን ፎቶ ኮፒ ቤት አስይዞ ለተማሪ ማስሸጥ ግን ማስተማር አይባልም።

ጥያቄ፦ ፎቶ ቤት አለኝ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የታተመ፣ የወሎን ቅርሶች የሚያሳይ ትንሽ የሙዚየም ብሮሹር እጄ ላይ አለ። ደሴ ሙዚየም በጦርነቱ ከተዘረፈ ወዲህ እነዚህ ፎቶዎች ይጠቅማሉ ብዬ ስካን አድርጌ ልለቃቸው አስቤያለሁ። እጠየቃለሁ?
*ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ ጋሼ፣ እጅዎ ላይ ያለው ትንሽ ነገር አይደለም። የ2014ቱ ዝርፊያ ሙዚየሙን ጎድቶታል፤ የጠፋ ዕቃ አንድ ቀን ገበያ ላይ ብቅ ቢል «ይሄ የእኛ ነው» ለማለት የድሮ ፎቶ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ያስገርማል። በእኛ አዋጅ የፎቶግራፍ መብት ሥራው ከተሠራ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ የብሮሹሩ ፎቶዎች ይህንን ካለፉ ቆይተዋል። ጽሑፉ ግን የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት አለው፤ ደራሲው ካልታወቀም ከታተመበት 50 ዓመት ይቆጠራል፣ ያ ደግሞ ገና አልሞላም። ስለዚህ ፎቶውን ይልቀቁ፣ ጽሑፉን እንዳለ አይልቀቁ። የዕቃውን ስም፣ ልኩን፣ የተገኘበትን ቦታ በራስዎ ቃል ይጻፉት፤ መረጃ ላይ ማንም መብት የለውም። ብሮሹሩን ያሳተመው የባህል መሥሪያ ቤት ካለ ደግሞ አንድ ደብዳቤ ጽፈው ፈቃድ ቢጠይቁ ጽሑፉም ሊፈቀድልዎ ይችላል።

ሙያው የእርስዎ ቢሆንም አንድ ነገር እንለምንዎ። ስካን ሲያደርጉት በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ያድርጉት፣ ጭረቱንና ስንጥቁንም በፎቶሾፕ አያጥፉት። አንድን መስቀል ከሌላው የሚለየው ጠርዙ ላይ ያለችው ስብራት ልትሆን ትችላለች። ለፌስቡኩ አነስ ያለውን ይለጥፉና ዋናውን ፋይል በፍላሽ ለሙዚየሙ ይስጧቸው።