ስለ ጂማት ጠየቃችሁ፣ እኔም ልመልስ

ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ለመማር የምታመለክቱ ሰዎች ስለ ጂማት፣ ማለትም ስለ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና፣ ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። ተፈታኝ ማስጠናት ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አንዳንዱን ዘርዘር አድርጌ፣ አንዳንዱን በአጭሩ ነው የማልፈው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ከዓመታት በፊት ያጠናበትን ወፍራም የጂማት መጽሐፍ ሰጠኝ። ያገለግለኛል ወይስ ልጣለው?

አትጣለው፤ ግን እየመረጥክ አንብብ። ፈተናው በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ተቀይሯል። አዲሱ መጀመሪያ ላይ «ፎከስ ኤዲሽን» ይባል ነበር፤ አሁን በደፈናው ጂማት ነው። ድርሰት ቀርቷል። የሰዋስው ማረሚያ ጥያቄዎችም ቀርተዋል። ጂኦሜትሪ ከሒሳቡ ክፍል ወጥቷል። ስለዚህ የክብና የሦስት ማዕዘን ምዕራፎችን ዝለላቸው።

የቀሩት ሦስት ክፍሎች ናቸው፦ ኳንት (ሒሳብ) 21 ጥያቄ፣ ቨርባል (የእንግሊዝኛ ንባብና ክርክር) 23 ጥያቄ፣ ዳታ ኢንሳይትስ (ሰንጠረዥ፣ ግራፍና መረጃ ማገናዘብ) 20 ጥያቄ። ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ ይሰጣል። ሦስቱም በጠቅላላ ውጤቱ ላይ እኩል ክብደት አላቸው። ብዙ ሰው ዳታ ኢንሳይትስን እንደ ትርፍ ክፍል ቆጥሮ በመጨረሻው ሳምንት ነው የሚነካው። ከዚያ ውጤቱ ሲመጣ ይደነግጣል።

ከመጽሐፉ አልጀብራው፣ የቁጥር ባሕርያቱ፣ የንባብና የክሪቲካል ሪዝኒንግ (ክርክር የመመዘን) ጥያቄዎቹ ዛሬም ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ ጂማት ልውሰድ ወይስ ጂአርኢ (ሌላውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና)?

መጀመሪያ የምታመለክቺባቸው ትምህርት ቤቶች ምን እንደሚቀበሉ እዪ። አብዛኞቹ ሁለቱንም ይቀበላሉ። ከዚያ የሁለቱንም ነፃ የሙከራ ፈተና ሰዓት ይዘሽ ሥሪ። የትኛው ላይ እንደሚቀናሽ ያኔ ታውቂዋለሽ፤ ሰው ጠይቆ የሚታወቅ ነገር አይደለም።

በደምሳሳው ግን፣ የቃላት ሀብትሽ ሰፊ ከሆነና ሒሳብ ላይ ካልኩሌተር ከእጅሽ እንዲለይ ካልፈለግሽ ጂአርኢ ይሻልሻል። ግን ጂኦሜትሪም አለበት፣ ድርሰትም አለበት። ቃል መሸምደድ የሚያንገሸግሽሽ ከሆነና ነገር ማገናዘብ የሚመችሽ ከሆነ ደግሞ ጂማት። በጂማት ኳንት ላይ ካልኩሌተር የለም። ዳታ ኢንሳይትስ ላይ ብቻ ስክሪኑ ላይ አንድ አለ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፋ ብሏል፤ ሒሳብ ከተውኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከልጆቹ ጋር መወዳደር ይቻለኛል?

ይቻልዎታል እንጂ። እዚህ ያለው ሒሳብ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። ካልኩለስ የለም፣ ትሪጎኖሜትሪ የለም። መቶኛ፣ ክፍልፋይ፣ ንጽጽር፣ ፍጥነትና ጊዜ፣ እኩልታ፣ ፕሮባቢሊቲ፤ በቃ። መጀመሪያ ግን የፈተና ጥያቄ ውስጥ አይዝለሉ። ጥቂት ሳምንት ለመሠረቱ ብቻ ይስጡ። ክፍልፋይ በእጅ ማባዛትና ማካፈል ድጋሚ እስኪለምዱ ድረስ ሌላው ሁሉ ይቆይ። እንዲያውም በሥራ ብዙ የቆየ ሰው የሽያጭ ሰንጠረዥና ግራፍ ማንበብ ላይ ከልጆቹ ይፈጥናል። ዳታ ኢንሳይትስ ላይ ይህ ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፦ ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባለው ነገር ጭንቅላቴን አዞረው። ምንድን ነው የሚፈልጉት?

የሚፈልጉት መልሱን አይደለም። መልሱ ላይ ለመድረስ የተሰጠህ መረጃ ይበቃል ወይስ አይበቃም ነው ጥያቄው። ጥያቄ ይቀርብልሃል፤ ከሥሩ ሁለት መረጃ። አምስቱ ምርጫዎች ሁሌም እነዚሁ ናቸው፦ የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃል፣ ሁለተኛው ብቻውን ይበቃል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ይበቃሉ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይበቃሉ፣ አንድ ላይም አይበቁም። እነዚህን ፈተናው ላይ ሆነህ ማንበብ ጊዜ መጣል ነው። አሁኑኑ ያዛቸው።

አንድ እንሥራ። አንድ መጋዘን ውስጥ ባለ 7 ኪሎና ባለ 11 ኪሎ ካርቶኖች አሉ። ባለ 7 ኪሎዎቹ ስንት ናቸው?

መረጃ 1፦ የሁሉም ካርቶኖች ክብደት ተደምሮ 60 ኪሎ ነው።
መረጃ 2፦ በጠቅላላው 8 ካርቶኖች አሉ።

ትምህርት ቤት ቀለሜ የነበረ ሁሉ እዚህ ጋ ይወድቃል። «ሁለት የማይታወቁ ቁጥሮች አሉ፤ ስለዚህ ሁለት እኩልታ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለቱም አንድ ላይ» ብሎ ጠቅ ያደርግና ያልፋል። ወጥመዱ ይኸው ነው።

ቆይ፣ ካርቶን ግማሽ አይሆንም። ሙሉ ቁጥር ነው። መረጃ 1ን ብቻውን ያዝና ሞክር። ባለ 11 ኪሎው አንድ ከሆነ 49 ይቀራል፤ ለ7 እኩል ይካፈላል፣ 7 ካርቶን። ሁለት ከሆነ 38 ይቀራል፤ አይካፈልም። ሦስት ከሆነ 27፣ አራት ከሆነ 16፣ አምስት ከሆነ 5፤ አንዳቸውም አይካፈሉም። ባለ 11 ኪሎ ጨርሶ የለም ብትልም 60 ለ7 አይካፈልም። ስለዚህ መልሱ አንድ ብቻ ነው። መረጃ 1 ብቻውን በቃ። መረጃ 2 ብቻውን ምንም አይነግርህም። ትክክለኛው ምርጫ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ልብ በል፦ ሁለቱ አንድ ላይ መልስ እንደሚሰጡ ወዲያው ከታየህ ተጠራጠር። እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ነጥብ ብዙ ጊዜ ነጥብ አይደለም። «ቁጥሩ ሙሉ መሆን አለበት? ዜሮ ይሆናል? አሉታዊ ይሆናል?» ብለህ ራስህን ጠይቅ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ እንዴት ልጨርስ?

ከላይ ያለው በጽሑፍ ሲዘረዘር ነው የረዘመው። ከ60 ላይ 11 እየቀነስክ ለ7 መካፈሉን ማየት በእጅህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ጥያቄዎቹን መሥራት እችላለሁ። ችግሬ ጊዜ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አምስት ስድስት ጥያቄ ይቀረኛል።

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁት ጠበቅ አድርጌ ልመልስ።

ኳንት ላይ ለአንድ ጥያቄ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ ከፍ ያለ ጊዜ አለሽ። ቨርባል ላይ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ዳታ ኢንሳይትስ ላይ ሁለት ደቂቃ ከሩብ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ያለው በአማካዩ ላይ አይደለም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ላይ ሙጭጭ ማለት ነው። የሙከራ ፈተናሽን ውጤት ከፍተሽ በየጥያቄው የወሰደብሽን ጊዜ እዪ። አምስት ደቂቃ የበሉ ጥያቄዎች ታገኛለሽ። አብዛኞቹን ደግሞ ተሳስተሻቸዋል። በእነዚያ ሦስት ጥያቄዎች የሄደው ጊዜ መጨረሻ ላይ የቀሩብሽን ይሠራ ነበር።

ፈተናው ከመልስሽ ተነሥቶ ቀጣዩን ጥያቄ ይመርጣል። ጥሩ ስትሠሪ ይከብዳል። ስለዚህ የማትችይው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መምጣቱም መጥፎ ምልክት አይደለም። ጎበዝ ተፈታኝም ብዙ ይሳሳታል። ሳይመለሱ የቀሩ ጥያቄዎች ግን ነጥብ ይቀንሱብሻል፤ ገምቶ መሙላት ባዶ ከመተው ይሻላል።

ሳትመልሺ ማለፍ አይቻልም። ግን ገምተሽ፣ ምልክት አድርገሽበት ማለፍ ትችያለሽ። የክፍሉን ጥያቄዎች ስትጨርሺ ጊዜ ከተረፈሽ ተመልሰሽ እስከ 3 መልስ መቀየር ይፈቀዳል። 3 ብቻ። ስለዚህ በየጥያቄው ምልክት አታድርጊ፤ «ሌላ አንድ ደቂቃ ባገኝ እርግጠኛ እሆን ነበር» የምትያቸው ላይ ብቻ። ጨርሶ ያልገባሽ ጥያቄ ላይ መመለስ ትርፉ ድካም ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው፦ አንድ ደቂቃ ካለፈ በኋላ መንገዱ ካልታየሽ፣ ሊሆኑ የማይችሉትን ምርጫዎች ሰርዘሽ ከቀሩት አንዱን ነክተሽ ሂጂ። ቤት ስታጠኚም እንዲሁ አድርጊ። ቤት ውስጥ ጥያቄ ላይ ሃያ ደቂቃ ችክ እያለ የለመደ ሰው ፈተና ላይ በድንገት መልቀቅ አይችልም። እልህ ትምህርት ቤት ይጠቅም ይሆናል፤ እዚህ ያከስራል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው። ለቨርባል ስንት ቃል ልሸምድድ?

ምንም። ቨርባል አሁን ንባብና ክሪቲካል ሪዝኒንግ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚፈትኑት ክርክር መከተል መቻልህን ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦ «አንድ ድርጅት ሠራተኞቹ ከቤት ሆነው እንዲሠሩ ፈቀደ። በዚያ ዓመት ሥራ የሚለቁ ሰዎች ቁጥር ቀነሰ። ስለዚህ ከቤት መሥራት ሠራተኛ ያቆያል።» ከዚያ ይህን ክርክር የሚያዳክመው የቱ ነው ይሉሃል። አንዱ ምርጫ «ከቤት መሥራት ሁሉም ሠራተኛ አይወደውም» ይላል። ደስ ይላል፤ ግን ክርክሩን አይነካውም። ሌላው «በዚያው ዓመት የዘርፉ ሌሎች ድርጅቶች ቅጥር አቁመው ነበር» ይላል። መልሱ ይሄ ነው። ሰዎቹ ያልለቀቁት የሚሄዱበት አጥተው ሊሆን ይችላላ!

ምርጫዎቹን ከማየትህ በፊት ክርክሩ የት ጋ እንደሚያነክስ በራስህ ቋንቋ ለራስህ ተናገር። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን።

ጥያቄ፦ በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ ሠርቻለሁ፤ ውጤቴ ግን ንቅንቅ አላለም። ምን ጎደለኝ?

መቁጠሩን ተወው። የስህተት መዝገብ አለህ? አለኝ የሚሉትም ብዙዎቹ «ጥያቄ 14፣ ስህተት፣ ትኩረት ማጣት» ብለው ይጽፉና ያልፋሉ። ከዚህ ምንም አትማርም። «ቁጥሩ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል አላየሁም» ብለህ ጻፍ። «አዳክም የሚለውን አጠናክር ብዬ አነበብኩት» ብለህ ጻፍ። እንዲህ ስትጽፍ ተመሳሳይ ስህተት እየተመላለሰ እንደሚመጣ ታያለህ። ለአንድ ሳምንት አዲስ ጥያቄ አትንካ፤ የተሳሳትካቸውን ብቻ ከባዶ ደግመህ ሥራ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ውጤት ስንት ነው? ወንድሜ 700 አምጥቶ ነበር፤ እኔ ሙከራ ላይ 645 አመጣሁ፤ ቤተሰብ አፈረብኝ።

ማፈር የለባቸውም! የወንድምሽ በአሮጌው መለኪያ ነው። አዲሱ ከ205 እስከ 805 ነው፤ ሁሉም ውጤት በ5 ያልቃል። ከተፈታኞች መካከል ባለሽ ደረጃ ሲታይ የአሁኑ 645 ከያኔው 700 ጋር ተቀራራቢ ነው። ከወንድምሽ እኩል ነሽ፤ ንገሪያቸው። ለአንቺ «ጥሩ» የሚባለውን ግን የምታመለክቺበት ትምህርት ቤት የተቀበላቸው ተማሪዎች አማካይ ነው የሚነግርሽ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ፈተና ከተበላሸ ትምህርት ቤቶቹ ያዩታል?

አንተ ካልላክኸው አያዩትም። ውጤትህን ካየህ በኋላ ነው የት እንደሚላክ የምትመርጠው። ከ16 ቀን በኋላ ድጋሚ መፈተን ይቻላል፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ። ውጤቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል።

ጥያቄ፦ «እውነተኛውን ጥያቄ» የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ልግዛ?

ኧረ በፍጹም። ወይ ሐሰት ነው፣ ወይ እውነት ሆኖ ጣጣ ያመጣብሃል። ስኮርቶፕ የሚባል ድረ ገጽ በሥራ ላይ ያሉ ጥያቄዎችን ሲያሰራጭ ተከሶ በ2008 እ.ኤ.አ. ተፈርዶበታል። የፈተናው ባለቤት ጂማክ ያኔ የ84 ተፈታኞችን ውጤት ሰርዞ ለትምህርት ቤቶቻቸው አሳውቋል። ገንዘብህን ለኦፊሴላዊዎቹ የሙከራ ፈተናዎች አውለው፤ ሁለቱ እንዲያውም ነፃ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤት ሆኜ ልፈተን ወይስ ማዕከል?

ኢንተርኔትህ አስተማማኝ ከሆነና ማንም የማይገባበት ክፍል ካለህ ቤት ይቻላል። በካሜራ ነው የሚጠብቁህ፤ ሰው በሩን ከከፈተ ጉድ ፈላ። እኔ ማዕከል እመርጣለሁ፤ እዚያ ኮምፒውተር ቢበላሽ የእነሱ ራስ ምታት ነው።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ክፍል ልጀምር?

ቅደም ተከተሉን ራስሽ ነሽ የምትመርጪው። አንዷ የ10 ደቂቃ ዕረፍትም የት እንደምትገባ አንቺ ትወስኛለሽ። ሙከራ ላይ የተመቸሽን ቅደም ተከተል ፈተናው ቀን አትቀይሪ።

ጥያቄ፦ ፈተናዬ ነገ ነው። ዛሬ ምን ልሥራ?

ሙከራ ፈተና አትሥራ። ፓስፖርትህን አውጣና ስትመዘገብ የጻፍከው ስም በፊደል ሳይቀር ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን እይ። ካልገጠመ አሁኑኑ ደውል፤ በር ላይ ከመለሱህ የከፈልከው ውሃ በላው ማለት ነው። ከዚያ በጊዜ ተኛ።