አሲክሎቪር በቀን 5 ጊዜ ለምን?

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ወገቧ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት አሲክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ፣ ለ7 ቀን ታዘዘላት። 5 ጊዜ መዋጡ ሰለቻት። 3 ጊዜ ብናደርገው ምን ችግር አለው? ቅባቱ ብቻስ አይበቃም?

መልስ፦ እባክዎ አይቀንሱባቸው። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ አሲክሎቪርም የሚሠራው ቫይረሱ እንዳይባዛ በማገድ ነው። ኑክሊዮሳይድ የሚባለው ከዲኤንኤ (የዘር መረጃ ከተጻፈበት ሰንሰለት) ፊደላት አንዱ ከስኳር ጋር ሲጣመር የሚገኘው ነው። አሲክሎቪር ጓኖሲን የተባለውን ኑክሊዮሳይድ ይመስላል፤ ግን የስኳሩ ቀለበት የለም፣ በቦታው ያለው አጭር ጭራ ነው። ቫይረሱ ተሳስቶ ዲኤንኤው ውስጥ ሲያስገባው ቀጣዩ ፊደል የሚያያዝበት ቦታ ያጣል፤ ሰንሰለቱም እዚያው ይቆማል። መድኃኒቱ ሥራ የሚጀምረው ፎስፌት የተባለ ፎስፈረስና ኦክስጅን ያለበት ቅንጣት 3 ጊዜ ሲታከልበት ነው። የመጀመሪያውን የሚያክለው የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ስለሆነ ጤነኛው ሕዋስ ብዙም አይነካም። ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ጥበብ ነው።

ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ከተዋጠው ውስጥ ደም የሚደርሰው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የደረሰውም በ3 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሰዓቱ ከተራራቀ ቫይረሱ ፋታ አግኝቶ ይባዛል። ስለዚህ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12 እና ማታ 4 ሰዓት ላይ ይዋጡ፤ ሌሊቱን ይተኙበት። ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ይቻላል። አንዱን ቢረሱ ሁለት ደርበው አይዋጡ።

በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይጠጡበት፤ መድኃኒቱ በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ ውኃ ሲያንስ እዚያው ሊረጋ ይችላል። የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ለሐኪሙ ይንገሩ፣ መጠኑን የሚቀንሰው እሱ ነው። ቅባቱ ነርቭ ውስጥ ያለውን ቫይረስ አይደርስበትም። 5 ጊዜው በእውነት ካልተቻለ ቫላሲክሎቪርን ይጠይቁ፤ ያው አሲክሎቪር ቫሊን የተባለ አሚኖ አሲድ ተጨምሮበት በአንጀት በኩል የተሻለ እንዲገባ የተደረገ ነው፤ 1000 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ይበቃል።

ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ትልቅ ልዩነት አለው፤ በባህላዊ መድኃኒት ሲሞከር የሚያልፈው ይሄው ጊዜ ነው። ግንባር ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ተቅማጥ ይዞት ኦአርኤሱን (በውኃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) አልጠጣም አለኝ። ስኳር ብጨምርበትስ?

መልስ፦ አይጨምሩ። የ1 ሊትሩ ፓኬት 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው አለው። ግሉኮስ በአንጀት ግድግዳ ሲያልፍ ሶዲየምን ይዞ ይገባል፣ ውኃውም ይከተላቸዋል። ስኳሩ ከበዛ ውኃውን ወደ አንጀት መልሶ ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል። ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ። በሻይ ማንኪያ በትንሽ በትንሹ ይስጡት፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተው ቀስ ብለው ይቀጥሉ። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፉት። ከደከመና መጠጣት ካቃተው ግን ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።