የኦንላይን ፒኤችዲ ፎርም ከመክፈታችሁ በፊት

ሰሞኑን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ወጣት መምህርት «ጋሼ፣ የኦንላይን ፒኤችዲ ፎርም መሙላት ከባድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፎርሙ ከባድ አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጥያቄዋ ግን የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ፤ ለእሷም ለእናንተም ልጻፈው አልኩ።

ከዓመታት በፊት አቃቂ አንድ የግል ኮሌጅ የሚያስተምር ልጅ ነበር። ማስተርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሷል፣ እናቱን ይጦራል፣ ሥራውን ጥሎ ውጭ መሄድ አይችልም። ስለዚህ በርቀት ዶክትሬት ለሚሰጥ የውጭ ዩኒቨርሲቲ አመለከተ። የፕሮፖዛሉ ርዕስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም፦ «የአቃቂ ወንዝ ብክለት በአዲስ አበባ ነዋሪዎች ጤና ላይ ያለው ተጽዕኖ»። አሥራ ሁለት ገጽ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ሰዋስውን አረምኩለትና «ጥሩ ነው፣ ላከው» አልኩት። ማን እንደሚያማክረው አልጠየቅሁም። የውሃውን ናሙና የት ላቦራቶሪ እንደሚያስመረምርም አልጠየቅሁም።

ከወራት በኋላ የመጣለት መልስ ሦስት መስመር ነበር። የትምህርት ውጤትህ መስፈርቱን ያሟላል፣ ነገር ግን ይህን ርዕስ የሚያማክር መምህር በትምህርት ክፍሉ የለም ይላል። ልጁ ስልኩን አሳየኝና «ካሟላሁ ታዲያ ለምን?» አለ። መልሱን ያን ጊዜ አውቀው ነበር፤ ዘግይቼ ነገርኩት እንጂ።

ማስተርስ ላይ ዩኒቨርሲቲው ወንበር ካለውና ውጤታችሁ ከበቃ ይቀበላችኋል። የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ዓይነቱ፣ ገና ከመጀመሪያው ምርምር የሆነው ዶክትሬት ግን እንዲህ አይደለም። አንድ በስም የሚጠራ መምህር «ይህን ተማሪ ለዓመታት እይዘዋለሁ» ማለት አለበት። ያ ሰው ከሌለ ትራንስክሪፕቱ ኤ በኤ ቢሆንም ማመልከቻው አያልፍም። የአሜሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ በኮርስ ስለሚጀምሩ አማካሪው ኋላ ይመጣል፤ እዚያም ቢሆን ከመምህራኑ አንዱ በርዕሳችሁ ላይ የሚሠራ ካልሆነ ኮርሱን ጨርሳችሁ መሃል ላይ ትቆማላችሁ።

ርዕሱም ራሱ አይሠራም ነበር። የአዲስ አበባ ነዋሪ ማለት ሚሊዮኖች ናቸው። በውሃና በአትክልት ውስጥ እርሳስና ክሮሚየም ለመለካት ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በርቀት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ መሣሪያውን ኮንዶሚኒየማችሁ ድረስ አያመጣላችሁም። ልጁ ግን በየቀኑ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ በዚያው ወንዝ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች ነበሩ። «ከአቃቂ በታች አትክልት የሚያመርቱ ገበሬዎች ውሃው መበከሉን እያወቁ ለምን ይጠቀሙበታል?» ቢል ኖሮ፣ በሠላሳ አርባ ቃለ መጠይቅ፣ በስልክ መቅጃና በእግሩ ሊሠራው ይችል ነበር። የኦንላይን ዶክትሬት ፕሮፖዛል መረጃው ከየት እንደሚመጣ፣ ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ (ጥናቱ ሰዎችን እንደማይጎዳ የሚመረምር ኮሚቴ የሚሰጠው) ከዩኒቨርሲቲውም ከአገር ውስጥም እንዴት እንደሚገኝ በግልጽ መናገር አለበት። ፕሮፖዛሉን የሚገመግሙት መምህራን መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህን ገጽ ነው።

ልጁ ሁለተኛ አላመለከተም።

ስለዚህ ቅድሚያ ለአማካሪው ስጡ። የመረጣችሁት መምህር በቅርብ ዓመታት ካሳተማቸው ጽሑፎች ሁለቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ኢሜይሉ ከ200 ቃላት አይብለጥ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የምርምር ጥያቄያችሁ ይሁን፤ ከየትኛው ጽሑፉ ጋር እንደሚገናኝ አንድ መስመር ጨምሩ፤ በርቀት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ፤ የአንድ ገጽ ማጠቃለያና ሲቪ አያይዙ። በሁለት ሳምንት ካልመለሰ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትላኩ፤ አውሮፓ ያሉት እረፍት ላይ ናቸው። የዛሬ ወጣቶች አንዱን ኢሜይል ስሙን እየቀየሩ ለአርባ ሰው ሲልኩ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ተቀባዩ ገና ከሰላምታው ያውቀዋል። በቻትጂፒቲ የተጻፈውንም እንደዚያው። ፎርሙን ለኤጀንት ከፍላችሁ አታስሞሉ፤ የይለፍ ቃላችሁ በእሱ እጅ ይቀራል።

አትቸኩሉ እላለሁ። ወረቀቱን ግን ዛሬውኑ ጀምሩት። ወጪ መጋራት ያልከፈለ ተመራቂ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣለትም። ስማችሁ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በእንግሊዝኛ ፈተናው በአይኢኤልቲኤስ ላይ በተለያየ ፊደል ከተጻፈ ፎርሙን በፓስፖርቱ ሙሉ፣ ልዩነቱን በደብዳቤ አስረዱ። «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ ፓስፖርታችሁ የያዘውን ሳትነኩ አስገቡ። ቀኑንም ተጠንቀቁ፦ ሐምሌ 2007 የተመረቀ ሰው ጁላይ 2015 ብሎ ይጽፋል፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። ምስክርነት የሚጽፉላችሁ መምህራን የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል አድራሻ ይኑራቸው፤ ብዙ ቦታ በጂሜይል የመጣ ደብዳቤ አይቀበሉም፣ የእኛ መምህራን ደግሞ ጂሜይል ነው የሚጠቀሙት። ከመጨረሻው ቀን ስድስት ሳምንት በፊት ንገሯቸው።

የማመልከቻ ክፍያ ካለ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከብዷል። ከመላካችሁ በፊት ክፍያው ይቀርልኝ ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ ከከፈላችሁ በኋላ ማንም አይመልስላችሁም።

ዩኒቨርሲቲው በአገሩ መንግሥት እውቅና ያለው መሆኑን በራሱ ድረ ገጽ ሳይሆን በዚያ አገር የትምህርት ባለሥልጣን መዝገብ ላይ አረጋግጡ። ከዚያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄዳችሁ፣ በዚህ መንገድ የተገኘ ዲግሪ አቻ ግምት ይሰጠው እንደሆነ፣ ማለትም ከአገር ውስጥ ዶክትሬት እኩል ይቆጠር እንደሆነ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በቁጥርና በማኅተም ተቀበሉ። ይህን ከምዝገባ በኋላ መጠየቅ ከንቱ ነው። ለዚህ ሰፈር ሰው የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርቀት ያስተማረ፣ አቃቂ ላይም ማዕከል የከፈተ ስለሆነ፣ ማዕከሉ አሁንም የሚሠራ መሆኑን አረጋግጦ ሄዶ ማነጋገር ይቻላል። ሰው ፊት ቆሞ መጠየቅን የሚያህል የለም።

የመጨረሻው ሰዓት የእኛ ሰዓት አይደለም። ኒው ዮርክ ዲሴምበር ላይ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ እዚህ በማግስቱ ከጠዋቱ 1፡59 ነው። ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። ፒዲኤፉን ከተፈቀደው መጠን በታች አሳንሱት፤ በስልክ የተነሳ ዲግሪ ላይ ጥላ ካለ እንደገና በስካነር አንሱት።

አንቺ ደግሞ ልጄ፣ ፎርሙን ለጊዜው ተይው። የምርምር ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሊያማክሩሽ የሚችሉ የሦስት መምህራንን ስም ከጽሑፎቻቸው ጋር በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ቅዳሜ ይዘሽልኝ ነይ። ቀይ እስክሪብቶ አልይዝም።