ለትንሽ ተሳቢ ጎማና ቸርኬ፦ ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ አይገዛም

«በፒክአፕ የምጎትታት ባለ አንድ አክስል ተሳቢ አለችኝ። 175/70 አር 13 ጎማዎቿ አልቀዋል። ባለ 4 ብሎን ስለሆነች ከሶማሌ ተራ የቪትዝ ጎማ ከነቸርኬው ገዝቼ ብገጥምላትስ? ከተክለሃይማኖት 9 ኩንታል ሲሚንቶ ነው የምጭንባት» ላልከው ወንድሜ፦ እባክህ አትግዛ።

መጀመሪያ ክብደቱን አስላ። 9 ኩንታል 900 ኪሎ ነው። ባዶዋን 300 ብትመዝን 1,200 ደረስክ። መንጠቆው 100 ኪሎውን ለፒክአፑ ቢያካፍል እንኳ 1,100 ኪሎ በሁለቱ ጎማ ላይ ይቀራል። አሁን ጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብብ። 82 ካለ አንዱ ጎማ የሚችለው 475 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ 950። የቪትዙ 165/70 አር 14 ላይ 81 ከተጻፈ ደግሞ 462 ኪሎ፣ ካለህም ያነሰ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ጎኑ ከአቅሙ በላይ እየታጠፈ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

ለዚህ ጭነት «ሲ» የተጻፈበት የጭነት ጎማ ያስፈልግሃል። 185 አር 14 ሲ ላይ 102/100 የሚል ካገኘህ፣ ነጠላ ሲገጠም አንዱ 850 ኪሎ ይችላል። አክስሉና ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት) ግን በጎማ አይጠነክሩም፤ የተሠሩለትን ልክ አትለፍ። ጎማው ከፍ ስለሚልም (ከ57 ሴንቲ ሜትር ወደ 65 ገደማ) ከፓራፋንጎው (ከጭቃ መከላከያው) በታች ያለውን ክፍተት ሳትለካ አትክፈል። ጭነት ሲወርድባት ባሌስትራው ይተኛል፣ ያኔ ነው የሚነካው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቸርኬው ላይ ነው። ቸርኬውን አስተኛና ከጀርባው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ያለ ብረት አጋድም። ከብረቱ እስከ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የአክስሉ ጫፍ) የሚያርፍበት ፊት ያለውን በሜትር ለካ፤ ከአሮጌው ቸርኬ ጋር አስተያየው። የተሳቢ ቸርኬ ፊቱ አብዛኛውን ጊዜ መሀል ላይ ነው። የትንሽ አውቶሞቢል ግን ከመሀል ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ስለሚወጣ ጎማው ያንኑ ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ባሌስትራውን ወይም ሻንሲውን ይፍቃል። ያንን ለመሸሽ ሮንዴላ መደርደር ደግሞ ብሎኑን ማሰበር ነው።

ቀጥሎ የብሎኖቹ ርቀት። ባለ 4 ከሆነ በካሊፐር ከአንዱ ብሎን ውጫዊ ጠርዝ እስከ ትይዩው ብሎን ውስጣዊ ጠርዝ ለካ፤ ያ ከመሀል እስከ መሀል ያለው ልክ ነው። የቪትዝ 100 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካ ተሳቢ ደግሞ 4 ኢንች፣ 101.6። በዓይን አይለይም፤ ዳዶውም በግድ ይገባል። ግን ቸርኬው ሞዞው ላይ በእኩል አይተኛም፣ እየሄደ ዳዶው ይላላል። ስለዚህ አራቱንም ዳዶ በቁልፍ ሳይሆን በጣት አስገባ። የመጨረሻው ከከበደ ወይም የዳዶው ሾጣጣ በአንድ ጎን ብቻ ከነካ ልኩ አይደለም። «በመሰርሰሪያ እናስፋው» ቢሉህ እሺ አትበል።

ያገለገለ ጎማ የምትገዛ ከሆነ «ዶት» ከሚለው ኋላ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች ፈልግ። 2319 ማለት በ2019 (በፈረንጆች) 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ተሳቢ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ ስለምትቆም ጎማዋ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑን በአውራ ጣትህ ገፋ አድርገህ እጠፈው፤ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጠቀ መስመር ከታየ ተወው፣ ጥርሱ አያታልልህ። ስድስት ዓመት ያለፈውን እኔ ለጭነት አልመክርም። ሁለቱም አንድ መጠንና አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ክሪክ ላይ ሳለች ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው፤ ከተጫወተ ኩሽኔታው (ሞዞው የሚሽከረከርበት) አብሮ ይታይ። ዳዶውን በመስቀል አቅጣጫ አጥብቅ፤ ለባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳግም አጥብቀው። ጎሚስታው እንደ አውቶሞቢል 30 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ሞልቶ እንዳይሰድህ፤ ለዚህ ጭነት «ሲ» ጎማው 45 እስከ 50 ፒኤስአይ ይፈልጋል። ቸርኬው ያንን የሚችል መሆኑን አረጋግጥ፤ ንፋሱንም ጠዋት፣ ሳትነዳ በፊት ለካ።