መልስ፦ ገቢዬ ቀንሷል፤ የተፈረደብኝን ቀለብ ማስቀነስ እችላለሁ?

ወንድሜ፣ ወደ ዘጌ ቱሪስት የምታመላልስበት ጀልባ ሥራ ካጣ ወዲህ የልጅህን ቀለብ መክፈል አቅቶህ ሦስት ወር እንዳለፈህ ጽፈሃል። የቀድሞ ባለቤትህ ለራሷም ወርሃዊ ተቆራጭ ትጠይቀኛለች ብለህ ሰግተሃል።

ስጋቱን ተወው። በእኛ ሕግ ፍቺ ላይ የጋራ ንብረት ትካፈላላችሁ እንጂ ለቀድሞ ሚስት በየወሩ የሚቆረጥ ነገር የለም። የልጅ ግን አይቀርም።

ቀለብ የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። አቅም ሲለወጥ ይሻሻልልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል። የክልላችን የአማራ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ይህን አይከለክልህም። ያላማረኝ ሦስት ወር ዝም ማለትህ ነው። ዝም ስትል ውዝፉ ይቆለላል፤ ከዚያ ፍርዱን በግድ ለማስፈጸም የሚከፈተው የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈትብሃል። የባንክ ስቴትመንትህን ይዘህ ነገ ዛሬ ሳትል አመልክት። እስኪወሰን የቻልካትን ያህል ክፈል።

እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ በር ላይ የልጄን ቀለብ ብሩን በፖስታ አጥፌ ለቀድሞ ባለቤቴ በእጇ እሰጣት ነበር። ስንጣላ ፍርድ ቤት ቀርባ «አልተቀበልኩም» አለች። ምን ማስረጃ አለኝ? የሰባት ወሩን ደግሜ ከፈልኩ። ለልጄ የገዛሁት ጫማና ደብተርም አልታሰበልኝም። አሁን በቴሌብር ነው የምልከው፤ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የጥር ቀለብ» ብዬ እጽፋለሁ፣ መልእክቱንም አላጠፋም።