መልስ፦ «ፋክ» ምህጻረ ቃል ነው?

«ፋክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስድብ «በንጉሡ ፈቃድ የሚፈጸም ዝሙት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የፊት ፊደሎች የመጣ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም። ወሬው ግን ጨዋታ አዋቂ የፈጠረው ነው፤ ባልና ሚስት ፈቃዱን በራቸው ላይ ይሰቅሉ ነበር ሁሉ ይባላል! የሐረግን የፊት ፊደሎች ገጣጥሞ እንደ ቃል መጥራት የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስድቡ ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።

እንግሊዝና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1415 ከተዋጉበት የአዤንኩር ጦርነት ቀስተኞች ጋር የሚያያይዙትም አሉ። እሱም ተረት ነው፣ እንለፈው።

እኔን የሚገርመኝ አንድ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ግጥም ነው። ላቲንና እንግሊዝኛ ቀላቅሎ የካምብሪጅ መነኮሳትን ይሰድባል። ገጣሚው ቃሉን በግልጽ ለመጻፍ ፈራ መሰለኝ፣ እያንዳንዱን ፊደል በተራው ቀጥሎ በሚመጣው ተካው። ምስጢሩ ሲፈታ የእንግሊዝኛው ስድብ የላቲን ግስ መጨረሻ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ምሁር ሲሳደብ እንዲህ ነው።

በ1310 በእንግሊዟ ቼስተር ከተማ የፍርድ ቤት መዝገብ ላይም ቃሉ ያለበት የሚመስል የአንድ ሰውዬ ቅጽል ስም ተገኝቷል። እዚህ ላይ ሁሉም አይስማማም።

ምንጩስ? ብዙ የቋንቋ አጥኚዎች እንግሊዝኛም ወዳለበት ወደ ጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ ያመለክታሉ። ደችኛ «ፎከን» አለው፣ ትርጉሙ ከብት ማርባት ነው። የስዊድን ቀበሌኛም ተመሳሳይ ቃል አለው፣ እዚያ መግፋትና መምታትም ይሆናል። ከዚያ ወደኋላ ግን ክርክሩ አላለቀም። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ራሱ ቃሉን ደፍሮ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።