ጋስኬቱ ምን አጠፋ? የማኒፎልድ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ማኒፎልድ ላይ ናቸው። አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚከፋፈልበት ክፍል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ላይ ሰበሰብኳቸው።

ከጅማ፣ የኮሮላ ባለቤት። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሞተሩ ፉጨት ይሰማል። የማኒፎልድ ጋስኬቱ፣ ማለትም ማኒፎልዱና ሞተሩ ሲጋጠሙ መሐል የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ ተቀየረ። በሁለተኛው ጊዜ መካኒኩ ሲሊኮን ጨምሮ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀው። አሁንም ያፏጫል። «የዘንድሮ ጋስኬት ጥራት የለውም ማለት ነው?» ይላሉ።

ጋስኬቱን ለመውቀስ አልቸኩልም። «ባለ በሌለ ኃይሉ» የሚለውን ሳነብ ግን ደነገጥኩ። እዚህ ከተማ ስንት ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በዚህ ምክንያት ቶርኖ ቤት ሲሄድ አይቻለሁ።

ፉጨቱ ሳይለካ የሚገባ አየር ነው። ኮምፒውተሩ ያላወቀው አየር ሲገባ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሚኒሞውም ይዋዥቃል። ይህን አየር የሚዘጋው ጉልበት አይደለም። ንጹሕ ፊትና እኩል ጥብቀት ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ማኒፎልዱ ሲወርድ የቴስታታው ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ይደፈኑ፤ የወደቀ ፍርፋሪ ፒስተን ላይ ነው የሚያርፈው። የአሮጌው ጋስኬት ቅሪት በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሣ። አሉሚኒየምን በመሮ መፋቅ ጭረት ይተዋል፤ አየር ደግሞ በጭረት ያልፋል። ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፊቱ ላይ አጋድሞ ከጀርባው ብርሃን ማየት ነው። ብርሃን በሰፊው ካለፈ ማኒፎልዱ ተጣሟል፤ አሥር ጋስኬት ቢቀየር ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ብሎኖቹ። ብሎን አጥብቆ የሚይዘው ሲጠብቅ በጥቂቱ ስለሚሳብ ነው፤ እንደ ስፕሪንግ። ቁልፉ ላይ ከምናሳርፈው ጉልበት ብሎኑን የሚስበው ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው በጥርሱና በብሎኑ ራስ ሥር በሰበቃ ያልቃል። ጥርሱ ዝገት ካለው ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካው ቁልፍ) «በቃ» ይላል፣ ብሎኑ ግን ገና አልያዘም። ዘይት ከነካው ደግሞ በዚያው ቁጥር ከልክ በላይ ይሳባል። ስለዚህ ማኑዋሉ ዘይት ቀቡ ካላለ በቀር ብሎኑ ንጹሕና ደረቅ ይሁን።

ቁልፉ 12 ወይም 13 የሆነ የማኒፎልድ ብሎን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ከመኪናዋ ማኑዋል ያግኙ። 20 ኒውተን ሜትር ምን ያህል ነው? 20 ሳንቲሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ቡና እንደማንጠልጠል ነው። የኮሮላ የጎማ ዳዶ 103 ይፈልጋል። የጎማ ዳዶ የለመደ እጅ ማኒፎልድ ላይ ለምን ጥርስ እንደሚልጥ ከዚህ ይታያል።

ቅደም ተከተሉ ከመሐል ይጀምራል። ሁሉም ብሎኖች በእጅ ይግቡ። ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ በግማሽ ጉልበት፤ ቀጥሎ በዚያው መንገድ እስከ ሙሉው። ከዳር ከተጀመረ ጫፎቹ ይነክሳሉ፣ መሐሉ ክፍት ይቀራል። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላም አለ፤ ማኒፎልዱን ከሥር የሚደግፈው ብረት። እሱ ቀድሞ ከጠበቀ ማኒፎልዱን ወደ ታች ይጎትተዋል። እስከ መጨረሻው ላላ ብሎ ይቆይ።

ሲሊኮኑስ? ጋስኬት ባለበት ቦታ አያስፈልግም። የተረፈው ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዱ ዓይነት ጭሱን የሚለካውን የኦክስጅን ሴንሰርም ያበላሻል።

ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ ይፈታ፤ ቶርክ ሬንች ባለው ጋራዥ ግን። ከመስማማትዎ በፊት መካኒኩን «ቶርክ ሬንችህን አሳየኝ» ይበሉት። ይህ ነውር አይደለም።

ሌሎች ሁለት አጫጭር ጥያቄዎችም አሉ። «አሮጌውን ጋስኬት አጥቤ ብመልሰውስ?» አይሆንም። አዲስ ግዛ።

«ማኑዋሉ 22 ኒውተን ሜትር ይላል፤ የእኔ ሬንች ግን በኪሎግራም ሜትር ነው።» ለ9.8 አካፍል፤ 2.2 ገደማ ይመጣል።

ከአጋሮ፣ የባጃጅ ሹፌር። ባጃጁ ሲሞቅ ሚኒሞው ብቻውን ይጨምራል። ጓደኛው «የሃይላንድ ክዳን በሳና ሞተሩ እየሠራ ቤንዚን እርጭበት፤ ድምፁ የተቀየረበት ቦታ አየር ያስገባል» ብሎ መክሮታል።

ወንድሜ፣ እንዳታደርገው! አጠገቡ የጋለ ማርሚታ አለ፣ የካንዴላ ገመድ አለ። ባጃጁ ብቻ አይደለም የሚቃጠለው። በቤንዚን ፋንታ ውሃ በትንሽ መርጫ ወደ መጋጠሚያዎቹ ብቻ እርጭ፤ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያም በፊት ሞተሩን አጥፋና አቀዝቅዘህ በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል ያለውን መጋጠሚያ እይ። ጎማ ከሆነ አጠፍ አድርገው፤ ስንጥቁ ያኔ ይታያል። የነዳጅ መስጫው ገመድ አለመያዙንም አረጋግጥ።

ከጅማ፣ ጀማሪ መካኒክ። ቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ በማኒፎልዱ ውስጥ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ መሣሪያ) ገዝቷል። ቪዲዮዎች ደህና ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላሉ። እሱ ጋ የሚመጡት ሁሉ 13 እና 14 ናቸው። «የከተማው መኪና ሁሉ ማኒፎልዱ አየር ያስገባል?»

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። ያ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ከፍታ ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ 5 ወይም 6 ኢንች ቀንስ። 13 እና 14 ለኛ ጤነኛ ነው። ያንኑ መኪና ጊቤ ሸለቆ ወርደህ ብትለካው ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይልቅ መርፌው ይረጋጋል ወይስ ይንቀጠቀጣል? እሱን እይ።

ከሊሙ መንገድ፣ የናፍጣ ሃይሉክስ። «ናፍጣ እንደ ቤንዚን ሚኒሞው አይረበሽም። ማኒፎልዱ ትንሽ ቢያፈስ ምን ይጎዳል?»

አቧራው ይጎዳል። ማኒፎልድ ላይ የሚገባ አየር ማጣሪያውን አልፎ አይደለም የሚመጣው። የበጋውን ቀይ አቧራ ያውቁታል። ሞተሩ ያንን ሲስብ የፒስተን ፋሻና ሲሊንደሩ ይበላሉ፤ ቀጥሎ ዘይት መጨረስ ይጀምራል። ቱርቦ ካለው ደግሞ የታመቀው አየር ወደ ውጭ ያመልጣል፤ ጉልበት ይጠፋል፣ ጥቁር ጭስ ይመጣል። አይቆዩ።

ከሰርቦ፣ አንዲት እናት። የመኪናቸው ዘይት ቡና በወተት መስሏል። ማኒፎልድ ጋስኬት ይሆን? እስከ ጅማ ቢነዷትስ?

አይንዷት እናቴ፤ ሞተሯንም አያስነሱት። በአንዳንድ ቪ ቅርጽ ባላቸው ሞተሮች የራዲያተር ውሃ በማኒፎልዱ በኩል ስለሚያልፍ ጋስኬቱ ሊሆን ይችላል። ግን የቴስታታ ጋስኬት፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ ወይም የዘይት ማቀዝቀዣም ሊሆን ይችላል። ይህ በጽሑፍ አይለይም፤ ሞተር ፈትቶ የሚያውቅ መካኒክ ማየት አለበት። ውሃ የገባበት ዘይት ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማረፊያ) ይበላል፤ ያኔ ወጪው ከጋስኬት ወደ ሙሉ ሞተር ይሸጋገራል። በሌላ መኪና ተጭና ትምጣ።